የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አባቴ የነዱበት ሩት 66 ዛሬም አለ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በመንግሥት የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ መጥተው ኢሊኖይ ውስጥ ይማሩ በነበረበት ጊዜ፣ በ1953 ዓ.ም. ክረምት ከአንድ የአገራቸው ልጅ ጋር ገንዘብ አዋጥተው አሮጌ መኪና ገዙና ከቺካጎ እስከ ሎስ አንጀለስ በሩት 66 ነዱ። በሕይወት ሳሉ ስለዚህ ጉዞ ብዙም አላጫወቱንም። ካረፉ በኋላ ግን ከሻንጣቸው ውስጥ አንድ የኪስ ማስታወሻና ሦስት ፖስት ካርዶች አገኘን። ከካርዶቹ አንዱ ላይ የቀይ ሕንዶች ድንኳን ቅርጽ ያላቸው የሲሚንቶ ክፍሎች ይታያሉ። ማስታወሻው አጫጭር ነው፦ «ቱከምከሪ ደረስን፤ መብራቱ ሌሊቱን ቀን አስመስሎታል»፤ «የሸራ ውኃ መያዣ ገዝተን ከመኪናው ፊት አንጠለጠልን»፤ «ዛሬም መኪና ውስጥ አደርን»። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው «መንገዱ አለቀ፤ ባሕሩን ፈልገን በእግር ሄድን» የሚል ነው።

እኔ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ሲሆን ከ16 ዓመት ሴት ልጄ ጋር ያንኑ ጉዞ ለመድገም የሁለት ሳምንት ፈቃድ አግኝቻለሁ። መንገዱ ዛሬም አለ ወይ? የስልኬ ካርታ ስጠይቀው ሞቴልና ሙዚየም እንጂ መንገድ አያሳየኝም። የጉዞ መጻሕፍት አጥብቀው የሚመክሯቸውን ሳንታ ፌንና ኦትማንን በዕቅዴ አስገብቻለሁ፤ ትክክል ነኝ? ሁለት ሳምንትስ ይበቃል? ደግሞም በማስታወሻው ጀርባ ካለው ሒሳብ እንደሚታየው ገንዘብ አልቸገራቸውም ነበር፤ ታዲያ ለምን መኪና ውስጥ አደሩ?

አንባቢያችሁ፣ ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ቁጥሩ ተሰርዟል፤ መንገዱ ግን በአብዛኛው አለ። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ እናጥራ። የአባትዎ የ1953 ክረምት በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር የ1961 በጋ ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በሙሉ በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ያነሣነው ለሥርዓት ያህል አይደለም፤ የጉዞ ዕቅድዎ የሚቃናውም የሚበላሸውም በዚህ በ1961 ነውና።

ሩት 66 ከመጀመሪያውም ቢሆን አንድ ወጥ መንገድ ሆኖ አያውቅም። በኖቬምበር 11 ቀን 1926 ቁጥሩ ሲጸድቅ አዲስ የተዘረጋ ጎዳና አልነበረም፤ በስምንት ክፍላተ አገር ውስጥ ቀድሞ የነበሩ፣ አንዳንዱ ኮንክሪት፣ አብዛኛው ጠጠርና አፈር የሆኑ መንገዶች በካርታ ላይ ተቀጣጥለው አንድ ስም ወጣላቸው እንጂ። ቁጥሩም ቢሆን የድርድር ውጤት ነው። የመንገዱ ዋና አቀንቃኝ የነበሩት የቱልሳው ነጋዴ ሳይረስ ኤቨሪ የፈለጉት 60 ነበር፤ የኬንታኪው አገረ ገዥ 60 ለእኛ ይገባል ብለው ስለተሟገቱ፣ በዚያው ዓመት ኤፕሪል 30 ቀን ስፕሪንግፊልድ፣ ሚዙሪ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ማንም ያልጠየቀውን 66ን መረጡ። ከቺካጎ እስከ ሳንታ ሞኒካ 2,448 ማይል፣ ማለትም ወደ 3,940 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር ከዳር እስከ ዳር ጠጠርና አፈር የሌለበት የሆነው በ1938 ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መሐንዲሶቹ ጠመዝማዛውን ሲያቀኑ፣ ዳገቱን ሲሸሹ፣ ከከተማ መሐል ሲያወጡት ኖረዋል። በዚህ ምክንያት «ሩት 66 የት ነው?» ለሚል ሰው የመጀመሪያው መልስ «የየትኛው ዓመት?» የሚል ጥያቄ ይሆናል።

ዕቅድዎን በዚህ ሚዛን ስናየው ሁለት ቦታ ላይ ከአባትዎ ጋር ይለያያሉ። ሳንታ ፌ በመንገዱ ላይ የነበረችው እስከ 1937 ብቻ ነው፤ በዚያ ዓመት መስመሩ ወደ አልበከርኪ በቀጥታ ስለተቆረጠ አባትዎ ወደዚያ የሚያወጣ ምክንያት አልነበራቸውም። ኦትማንም እንዲሁ ናት። አሪዞና ውስጥ ከኪንግማን ወደ ምዕራብ ሲሄዱ በሲትግሪቭስ ማለፊያ በኩል የሚወጣው ያ ጠባብ ተራራማ መንገድ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተትቶ፣ ሹፌሮች በደቡብ በኩል በዩካ ሜዳ መንዳት ጀምረው ነበር። ኦትማን ውስጥ የወርቅ ቆፋሪዎች ጥለዋቸው የሄዱ አህዮች ዘሮች መንገዱ መሐል ቆመው መኪና ያስቆማሉ፤ ልጅዎ እንደምትወደው አንጠራጠርም፣ ስለዚህ አትሂዱ አንልም። ነገር ግን እዚያ ቆማችሁ «አያትሽ በዚህ አለፉ» እንዳይሏት።

ስለ ስልክዎ ካርታ ያነሡት ቅሬታ እውነት ነው። በ1956 በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዘመን የወጣው የአውራ ጎዳናዎች ሕግ ኢንተርስቴት የሚባሉትን የዛሬዎቹን ፈጣን መንገዶች ሲወልድ፣ የ66 ሥራ ለ55፣ ለ44፣ ለ40፣ ለ15 እና ለ10 ቁጥር መንገዶች ተከፋፈለ። የመጨረሻዋ የታለፈች ከተማ የአሪዞናዋ ዊሊያምስ ስትሆን እርሷም በኦክቶበር 1984 ተራዋ ደረሰ፤ በጁን 27 ቀን 1985 ደግሞ ቁጥሩ ከብሔራዊው መዝገብ ተሰረዘ። ስለዚህ ለመሣሪያዎ እንዲህ የሚባል አውራ ጎዳና የለም። ሎስ አንጀለስ ብለው ቢጽፉለት በአቅራቢያው ያለ ፈጣን መንገድ ላይ ይጥልዎታል። የቀረው አስፋልት በየቦታው ሌላ ስም ይዟል፦ ኦክላሆማና አሪዞና የክፍለ አገር መንገድ 66 ይሉታል፤ ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ናሽናል ትሬይልስ ሃይዌይ ይባላል፤ ከተሞች ውስጥ ደግሞ የተራ ጎዳና ስም አለው። ቡናማ የ«ታሪካዊ ሩት 66» ምልክቶች በብዙ ቦታ ተተክለዋል፤ ነገር ግን የሚያምር ስለሆነ ብዙ ሰው ነቅሎ ይወስደዋል፣ በእነርሱ ብቻ አይተማመኑ። መታጠፊያ በመታጠፊያ የሚመራ የወረቀት ካርታ ገዝተው ለልጅዎ ይስጧት፤ እርስዎ ይንዱ፣ እርሷ ታንብብ። የ16 ዓመት ልጅ ለሁለት ሳምንት ዐይኗን ከስልክ የምታነሣበት ሌላ ዘዴ እኛ አናውቅም።

ሁለት ሳምንት ይበቃል ወይ ላሉት፣ 2,448ን ለ14 ሲያካፍሉ በቀን 175 ማይል ይመጣል፤ ይህ በፈጣን መንገድ የሦስት ሰዓት ጉዳይ ስለሆነ ሰው ይታለላል። በአሮጌው መንገድ ግን በየመንደሩ ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ የተዘጋ ድልድይ ላይ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ሁለት ጊዜ ይጠፋሉ። በእኛ አስተያየት ሁሉንም ለመንዳት አይሞክሩ። በቺካጎ አዳምስ ጎዳና ላይ ካለው የመነሻ ምልክት ሥር ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ኢሊኖይንና ሚዙሪን በአብዛኛው በኢንተርስቴት 55 እና 44 በሁለት ቀን ይለፉ። ከሴንት ሉዊስ በላይ ሚሲሲፒን የሚሻገረው ቼይን ኦቭ ሮክስ ድልድይ ላይ ግን መቆም አለባችሁ። በ1929 የተከፈተው ይህ ድልድይ በመሐሉ እንደ ክንድ የታጠፈ ነው፤ ዛሬ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ስለተተወ እጥፋቱ ላይ ቆማችሁ ሁለት የጭነት መኪናዎች እዚያ ሲገናኙ ምን ይመስል እንደነበር መገመት ትችላላችሁ። ካንሳስ 13 ማይል ብቻ ናት፤ ከቁርስ በፊት ታልቃለች።

ቀኖቻችሁን ያዙና ኦክላሆማ ላይ አውጧቸው፤ ለመንዳት የሚመች አሮጌ መንገድ በብዛት የቀረባት እርሷ ናት። ከማያሚ ከተማ ወደ አፍተን በሚወስደው አቅጣጫ በ1922 የተሠራ፣ ስፋቱ 9 ጫማ፣ ማለትም 2.7 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ቁራጭ አለ። ይህን አባትዎ አልነዱበትም፤ በ1937 ተትቷል። ቢሆንም ወርዳችሁ በእግር ዳር ዳሩን ሂዱ፦ ጠጠር ቢለብስም የኮንክሪቱ ነጭ ከንፈር በሁለቱም ጎን ይታያል፤ ከፊት መኪና ሲመጣ እያንዳንዱ ሹፌር የአንድ ጎን ጎማዎቹን አፈር ላይ አውርዶ ነበር የሚተላለፈው። ከኦክላሆማ ሲቲ በስተምዕራብ ደግሞ ከኤል ሪኖ እስከ ሃይድሮ ባለው ክፍል በ1930ዎቹ የፈሰሰው ኮንክሪት አለ፤ መጋጠሚያዎቹ ላይ ጎማው ሲያልፍ የሚያሰማው እኩል እኩል ምት ለአንድ ሰዓት ያህል አብሯችሁ ይጓዛል። ሬዲዮውን ዝጉት። እዚያው ብሪጅፖርት አጠገብ በ1933 የተሠራውና 38 የብረት ማዕቀፎች በተርታ የቆሙለት ረጅም ድልድይ ካናዲያን የተባለውን ወንዝ ይሻገራል። በ1961 የ66 መኪና የሚያልፈው በዚሁ ድልድይ ላይ ስለነበር፣ «አያትሽ በዚህ አለፉ» የሚለውን ቃል ለዚህ ቦታ ያቆዩት።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር ብናልፍ ያስተዛዝበናል። ከቱልሳ እስከ ኦክላሆማ ሲቲ ከ1953 ጀምሮ፣ ከቱልሳ እስከ ሚዙሪ ድንበር ደግሞ ከ1957 ጀምሮ የሚያስከፍል ፈጣን መንገድ ስለተከፈተ፣ አባትዎ ቸኩለው ከነበረ ያንን ክፍል ከፍለው አልፈውት ሊሆን ይችላል። በማስታወሻው ሒሳብ ውስጥ ከነዳጅና ከምግብ የተለየ ትንሽ የመንገድ ክፍያ ካገኙ መልሱ ይኸው ነው።

ወደ ከባዱ ጥያቄዎ እንመጣለን። አባትዎና ጓደኛቸው ገንዘብ እያላቸው መኪና ውስጥ ያደሩት፣ በእኛ ግምት፣ ክፍል ስላጡ ሳይሆን ክፍል ስለተከለከሉ ወይም መከልከሉን አስቀድመው ስላወቁ ነው። በ1961 ሆቴልና ምግብ ቤት ሰውን በቆዳው ቀለም እንዳይመልስ የሚያስገድድ አገር አቀፍ ሕግ አልነበረም፤ የወጣው በጁላይ 1964 ነው። በዚህ መንገድ ላይ ጥቁር ሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዳይገኝባቸው የሚያስጠነቅቁ ከተሞች ነበሩ። ከ1936 ጀምሮ ቪክቶር ግሪን የተባሉ የኒው ዮርክ ፖስተኛ «ግሪን ቡክ» የሚባለውን መመሪያ በየጊዜው ያሳትሙ የነበረውም ጥቁር መንገደኛ የትኛው ከተማ የት ማደር፣ የት መብላት፣ የት ነዳጅ መቅዳት እንደሚችል ለማሳወቅ ነው። መመሪያው በ66 ላይ በብዙ ከተሞች የሚጠቁመው አድራሻ ጥቂት ነበር፤ አንዳንድ ከተማ ጨርሶ ስሙ የለም። ሁለቱ ተማሪዎች መመሪያውን ያውቁት ወይም አያውቁት ከማስታወሻው አይታይም።

እንግዳ አገር ሰው መሆናቸው ይጠብቃቸው ነበር ብለው እንዳያስቡ፣ በዚያው በ1961 የቻድ አምባሳደር ወደ ዋሽንግተን ሲጓዙ ሜሪላንድ ውስጥ በሩት 40 ላይ ባለ ምግብ ቤት አናስተናግድም ተብለው ነገሩ እስከ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ መንግሥት ደርሶ ነበር። አምባሳደር ከተመለሰ ተማሪ ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ብዙ አባቶች ይህን የመሰለውን ነገር ለልጆቻቸው ሳይነግሩ አልፈዋል፤ «ዛሬም መኪና ውስጥ አደርን» የምትለው «ም» ብቻዋን ብዙ ትናገራለች።

ስለዚህ ከቱልሳ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ስትነዱ ሉተር የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለውን የትሬት ቤተሰብ ነዳጅ ማደያ ሳታዩ እንዳታልፉ። በ1915 ገደማ ከቤተሰቡ መሬት በተፈለጠ የአሸዋ ድንጋይ የተሠራች፣ ከአንድ የገጠር ቤት የማትበልጥ፣ የጥቁር ባለቤቶች ማደያ ነበረች፤ በዚያ መንገድ ላይ ጥቁር ሹፌር ያለ ሥጋት ቆሞ ነዳጅ የሚቀዳባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1898 የተሠራው ክቡ የአርካዲያ ጎተራ ከዚያ ጥቂት ማይል ብቻ ስለሚርቅ ጎብኚው ሁሉ ወደዚያ ይከንፋል። እኛ ቅድሚያ የምንሰጠው ለማደያዋ ነው።

ቴክሳስን በአንድ ቀን ልቀቋት። አሮጌው መንገድ እዚያ በአብዛኛው ከኢንተርስቴት 40 ጎን ለጎን የሚሮጥ መዳረሻ መንገድ ነው። አማሪሎ አጠገብ አፍንጫቸው መሬት ውስጥ የተቀበረ አሥር ካዲላክ መኪኖች አሉ፤ የተተከሉት በ1974 ስለሆነ አባትዎ አላዩአቸውም፣ ልጅዎ ግን ቀለም ልትቀባቸው ትፈልግ ይሆናል። ኤድሪያን የምትባለው መንደር ከቺካጎም ከሎስ አንጀለስም እኩል ርቃ በእኩሌታ ላይ ትገኛለች።

የኒው ሜክሲኮዋ ቱከምከሪ ላይ እደሩ፤ በምሽት ግቡ። አባትዎ ያዩት መብራት የኒዮን ነው፦ ከተማዋ በመቶዎች ማይል ርቀት ሳይቀር በመንገድ ዳር ሰሌዳ «ዛሬ ማታ ቱከምከሪ» እያለች መንገደኛ ትጠራ ነበር። በ1939 መሠራት የጀመረው ብሉ ስዋሎ ሞቴል ዛሬም ሰማያዊ ወፉን እያበራ ይሠራል፤ በክፍሎቹ መካከል ለእያንዳንዱ እንግዳ መኪና የተሠሩ ትንንሽ ጋራዦች አሉት። የፖስት ካርድዎ የሲሚንቶ ድንኳኖች ደግሞ በ66 ላይ ሁለት ቦታ ይገኛሉ፤ አንዱ በ1950 የተሠራው የሆልብሩክ፣ አሪዞና፣ ሌላው ካሊፎርኒያ ሳን በርናርዲኖ አጠገብ ያለው ነው። የካርዱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የታተመ የከተማ ስም ስለማይጠፋ አጉሊ መነጽር ይዘው ይመልከቱት። ካርዱ በእጃቸው ነበረና አድረውበታል ማለት ግን አይደለም።

ሦስት ቀን ለአሪዞና ይመድቡ። ከአሽ ፎርክ በስተምዕራብ ጀምሮ በሴሊግማን፣ በፒች ስፕሪንግስና በሃክቤሪ አድርጎ ኪንግማን የሚገባው ክፍል የ1961 መንገድ ራሱ ነው፤ እስከ ኮሎራዶ ወንዝ ድረስ ሲቆጠር 158 ማይል ያህል ሳይቆራረጥ የቀረ የመስመሩ ረጅሙ ቁራጭ ይሆናል። ኢንተርስቴት 40 በሴፕቴምበር 22 ቀን 1978 ሲከፈት ሴሊግማን በአንድ ቀን ጭር አለች። ዛሬ ሰዎች «ታሪካዊ ሩት 66» የሚሉት ነገር ሁሉ መነሻው የዚያች ከተማ ፀጉር አስተካካይ ኤንጀል ዴልጋዲዮ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በ1987 ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ማኅበር አቋቋሙና የአሪዞና መንግሥት መንገዱን ታሪካዊ ብሎ እንዲሰይም አደረጉ።

ወደ ካሊፎርኒያ ሲሻገሩ የሸራው ውኃ መያዣ ትርጉም ይገባዎታል። ጥቅጥቅ ካለ ሸራ የተሰፋ ከረጢት ሲሆን ውኃው በጥቂቱ ወደ ውጭ እየረጠበ ነፋስ ሲያገኘው ይተናል፣ ትነቱም ውስጡ ያለውን ያቀዘቅዛል፤ ከመኪናው ፊት የሚሰቀለውም ነፋሱ እዚያ ስለሚበረታ ነው። ለመጠጥ ብቻ ሳይሆን ዳገት ላይ ለሚፈላ ራዲያተርም ያገለግል ነበር። አባትዎ «ክረምት» ያሉት ጊዜ የሞሃቪ በረሃ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚነድበት ወቅት ነው፤ ብዙዎች በረሃውን በሌሊት የሚያቋርጡት ለዚህ ነበር። እናንተ ከቻላችሁ በግንቦት ወይም በመስከረም መጨረሻ ሂዱ። ኒድልስ ላይ ታንካችሁን ሙሉ፤ ከዚያ ወዲያ በአምቦይ በኩል ስልክ የማይሠራበት ረጅም ቦታ አለ፣ በጎርፍ የተጎዱ አሮጌ የእንጨት ድልድዮችም የተወሰነውን ክፍል ስላዘጉት የትኛው ክፍት እንደሆነ በዚያው ሳምንት ከአውራጃው የመንገድ ክፍል አጣርታችሁ ግቡ።

መኪናን በተመለከተ፣ በራስዎ ከነዱ የመመለሻው መንገድ ቢያንስ ሦስት ቀን ይበላብዎታል። ተከራይተው ሎስ አንጀለስ ላይ የሚያስረክቡ ከሆነ በሌላ ከተማ ለማስረከብ የሚጠየቀው ተጨማሪ ክፍያ ከኪራዩ ጋር ተደምሮ ስንት እንደሚመጣ ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።

የመጨረሻው ገጽ ቀረን። ዛሬ ጎብኚዎች ፎቶግራፍ የሚነሡበት የ«መንገዱ መጨረሻ» ምልክት ሳንታ ሞኒካ ባሕር ላይ በተዘረጋው የእንጨት መናፈሻ ድልድይ ላይ ይገኛል፤ የተተከለው ግን በ2009 ነው። በአባትዎ ዘመን 66 በይፋ የሚያልቀው የሊንከንና የኦሊምፒክ ጎዳናዎች በሚገናኙበት ተራ መስቀለኛ ላይ ነበር፤ ከዚያ ባሕሩ አይታይም። ሁለቱ ተማሪዎች ከቺካጎ ድረስ ነድተው «አለቀ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ያገኙት መብራትና ሱቅ ነው፤ ስለዚህ ባሕሩን ፈልገው በእግር ሄዱ። እርስዎም መኪናዎን ከመስቀለኛው አጠገብ ያቁሙና ከልጅዎ ጋር ወደ ምዕራብ ይራመዱ፤ አንድ ማይል ገደማ ነው።